ስለ ጥንታዊ ገንዘብ መሰብሰብና መመርመር ለመንደር ተማሪ ቤቶች የተነገረ ንግግር

ልጆች ሆይ፤ እናንተም ልጆቻችሁን ለትምህርት የሰጣችሁ አባቶችና እናቶች፤ የዛሬው ንግግር ስለ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ገንዘብን ስለ ማግኘትና ስለ ማውጣት አይደለም፤ ይህንስ ገበያው ራሱ ያስተምራል። ንግግሩ አሮጌ ገንዘብን አንሥቶ ስለ ማየት፥ ስለ መመዘን፥ ጽሕፈቱን ስለ ማንበብና በሚገባ ስለ ማኖር ነው። ከገበያ የወጣ፥ እህልም ጨውም የማይገዛ ብር ለምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር፥ ነገሩን እስኪሰማ ድረስ ጥቂት ይታገሥ።

በአክሱም አጠገብ አንድ የገበሬ ልጅ አባቱን ተከትሎ በእርሻ ሳለ፥ ማረሻው ከገለበጠው አፈር ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያኽል ክብ ነገር አገኘ። አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበርና ምን እንደ ሆነ አልታወቀውም። ወደ ቤቱ ወስዶ በአመድና በሎሚ ሲፈትገው ዋለ። ማታ የመዳቡ ቀይ መልክ ብቅ ሲል ደስ አለውና፥ በማግሥቱ በጨርቅ ቋጥሮ ዳዊት ወደሚያስተምሩት መሪጌታ ዘንድ ሄደ።

«የኔታ፥ ወርቅ ነውን?» አላቸው።

መሪጌታው ወደ ፀሐይ አዙረው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። «ወርቅስ አይደለም፥ ልጄ። ነገር ግን ወርቅ ነበረበት» አሉት። በአንዱ ፊት ላይ መስቀል አለ፤ በመስቀሉ መካከል ትንሽ ጐድጓድ ይታያል፤ በዚያ ጐድጓድ ውስጥ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት የሳሳ ወርቅ ተለጥፎ ነበር። በዙሪያው ከነበረው ጽሕፈትም የቀሩት ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው፤ «ነ» እና «ገ»። «የንጉሡ ስም ከዚህ ላይ ነበረ። ከሺሕ ዓመት በላይ መሬት ጠብቆት የነበረውን ስም አንተ ትናንት ፈትገህ አጠፋኸው» አሉት። ልጁ ምንም አልመለሰም። ከዚያ በኋላ መሪጌታው የት እንዳገኘው ጠየቁትና በላይኛው ማሳ ከዋርካው በታች መሆኑን በነገራቸው ጊዜ፥ ያንን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ከመዳቡ ጋራ አሰሩት።

ያ መዳብ ከአክሱም ነገሥታት የአንዱ ገንዘብ ነበረ። ስለ አክሱም በሚነገረው ሁሉ ዘመኑ የተቈጠረው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑ ይታወቅ። በ270 ዓ.ም. ገደማ እንዱቢስ የተባለው ንጉሥ በስሙ የወርቅና የብር ገንዘብ አስመታ። ከዚያ ወዲህ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የአክሱም ነገሥታት ወርቅ፥ ብርና መዳብ እያስመቱ ኖሩ። በዚያ ዘመን የራሳቸውን የወርቅ ገንዘብ የሚመቱ መንግሥታት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ሮም፥ ፋርስ፥ በህንድ ሰሜን የነበረው የኩሻን መንግሥት፥ እነዚህንም የመሳሰሉ ናቸው። አክሱምም ከእነዚህ ጋራ በአንድ ሚዛን ተቈጠረች።

ወርቁ ከባሕር ማዶ ለሚመጣው ነጋዴ ስለ ነበረ የተጻፈበት አብዛኛውን ጊዜ በጽርዕ ቋንቋ ነው። ብሩና መዳቡ በአገር ውስጥ የሚዞር ስለ ሆነ፥ እያደር በግዕዝ ይጻፍበት ጀመር። በገንዘቡ ላይ በግዕዝ መጀመሪያ ያስጻፈው ወዜባ የተባለው ንጉሥ ነው። ነገር ግን የዚያ ዘመን ጽሕፈት ካዕብና ሣልስ፥ ራብዕና ኃምስ አይለይም፤ ፊደሉ ሁሉ በግዕዝ ብቻ ይቆማል። ስለዚህ አንባቢው ስሙን ከነድምፁ የሚያገኘው በብዙ ድካም ነው፤ ሊቃውንቱም በአንዳንዱ ንጉሥ ስም አነባበብ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

በእንዱቢስ ወርቅ ላይ ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በጽርዕ ፊደል ከተጻፈው መካከል «ቢሲ» የሚል ቃል ይገኛል። ይህን ቃል የጽርዕ መዝገበ ቃላት ይዞ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። ግዕዝ የቈጠረ የመንደር ልጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል፤ «ብእሲ» ነው፥ ሰው ማለት ነው። ንጉሡ የእገሌ ወገን ሰው ነኝ ማለቱ ነው። እንግዲህ ከሩቅ አገር የመጣ ሊቅ ያልገባውን፥ ቄስ ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ በቀላሉ ሊያነብ ይችላል ማለት ነው፤ የገንዘብ ምርመራ የሀብታም ጨዋታ ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

በብዙዎቹ የወርቅ ገንዘቦች ላይ የንጉሡ ራስ በግራና በቀኝ በሁለት የእህል ዛላ ተከቦ ይታያል። ስንዴ ነው ወይስ ገብስ ነው እያሉ የሚከራከሩ አሉ። ክርክሩን ገበሬ ቢሰማው ይስቅ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ አንድ መንግሥት ከሰይፍና ከፈረስ ይልቅ እህልን በወርቁ ላይ ማሳተሙ የሚታሰብበት ነገር ነው።

ከራስጌው በላይ ያለውን ምልክት ደግሞ ተመልከቱ። በመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ገንዘብ ላይ ክብ ፀሐይና ግማሽ ጨረቃ አለ። የኢዛና ገንዘብ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ቀድሞ የተመታው ፀሐይና ጨረቃ አለበት፤ በኋላ የተመታው መስቀል አለበት። በ4ኛው መቶ ዓመት መካከል አገሪቱ ክርስትናን ስትቀበል ንጉሡ ያንኑ በገንዘቡ ላይ አደረገው፤ በዓለም ላይ መስቀል ከታተመባቸው ገንዘቦችም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይኸው ነው። መጻሕፍት ቢቃጠሉ፥ ድንጋይ ቢሰበር፥ በእጅ መዳፍ የምትያዝ ትንሽ ወርቅ ያንን ለውጥ ትመሰክራለች። ከእርሱ በኋላ በነበሩት ዘመናት በመዳቡ ላይ «ይህ አገርን ደስ ያሰኝ» የሚል በጽርዕ ተጻፈ። የመጨረሻው አርማሕ እንደ ሆነ ብዙዎች የሚናገሩለት ንጉሥ ደግሞ በመዳቡ ላይ «ፍሥሓ ለይኩን ለአሕዛብ» አስባለ፤ ለሕዝቡ ደስታ ይሁን ማለት ነው። መዳብ የድኻ ገንዘብ ነው። ለድኻው እጅ የሚደርሰው ገንዘብ እንዲህ ያለ ቃል ይዞ ሲሄድ፥ ንጉሡ ማንን እያሰበ እንዳስመታው መገመት አያስቸግርም።

በብርና በመዳብ ላይ ወርቅ ለጥፎ መምታት የአክሱም አንጥረኞች ልዩ ጥበብ ነው። በዘውዱ ላይ፥ ወይም በመስቀሉ መካከል፥ ትንሽ የወርቅ ነጥብ ታበራለች። በዓመድ የተፈተገው መዳብ ያጣው ይህንኑ ነው።

ይህ ገንዘብ እስከ የት ደረሰ? በ1980 በአውሮፓ አቈጣጠር በደቡብ የመን አንድ የተቀበረ ማሰሮ ሙሉ ወርቅ በተገኘ ጊዜ፥ ከ800 የሚበልጠው የአክሱም፥ ከ300 የሚበልጠው የሮም ገንዘብ ሆኖ ተገኘ። ካሌብ በ6ኛው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግሮ በየመን መዝመቱን ታሪክ ይናገራል፤ ይህ ወርቅም የዚያን ዘመን የባሕር ማዶ ግንኙነት ያሳያል። እንደዚሁም በ1940 በአውሮፓ አቈጣጠር በደብረ ዳሞ፥ በገመድ በሚወጣበት በዚያ አምባ ላይ፥ ከመቶ የሚበልጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል። ከህንድ ሰሜን የተነሣ ወርቅ ባሕር ተሻግሮ፥ ተራራ ወጥቶ ደብረ ዳሞ ደረሰ። ማን አመጣው? ወርቁ ይህን አይናገርም፤ መምጣቱን ብቻ ይናገራል።

አክሱም ገንዘብ መምታት ከተወች በኋላ በደጋው አገር ብዙ መቶ ዓመት ገንዘብ አልተመታም። በሐረር ብቻ አሚሮቹ «መሐለቅ» የሚባል ትንሽ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። በቀረው አገር ጨው ገንዘብ ሆነ። በአፋር በረሃ ካለው የጨው ሜዳ እየተጠረበ የሚመጣው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ካህን አልቫሬዝም ይህን አይቶ ጽፎታል። አሞሌ ከጨው ሜዳው እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው እየከበረ ይሄዳል። ዝናብ ግን ያሟሟዋል። ስለዚህ አሞሌ ለሚሰበስብ ሰው የማይመች ገንዘብ ነው፤ በሳጥን ያኖረው እንደ ሆነ ክረምት ሲመጣ ውሃ ሆኖ ያገኘዋል።

አሁን በብዙዎቻችሁ ቤት ወዳለው እንምጣ፤ ይኸውም ጠገራ ብር፥ ማርትሬዛ የሚባለው ነው። አያቶቻችሁ በአንገታቸው አድርገውት፥ ወይም ከሙዳይ ውስጥ አኑረውት ይሆናል።

በላዩ ያለችው ሴት ማርያ ቴሬዛ ናት። ከ1740 እስከ 1780 በአውሮፓ አቈጣጠር በአውስትርያ የገዛች ንግሥት ናት። በሌላው ፊት ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። ከዓመቱ የሚገኘው ቍጥር ምንጊዜም 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ልጆች ብዙ ጊዜ ይህን አይተው «ይህ ብር ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል» ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ነጋዴው በቀይ ባሕር ማዶና ማዶ፥ በዐረብ አገርና በሐበሻ፥ ያንን መልክ ለምዶ ስለ ነበረ፥ መልኩ የተለወጠ ብር ቢያዩ አንቀበልም አሉ። ስለዚህ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በዚያው መልክና በዚያው ዓመት መምታት ቀጠለ። በቪየና ተመታ፤ በሌሎችም ከተሞች ተመታ። በ1935 በአውሮፓ አቈጣጠር የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት ኢትዮጵያን ሊወር በተነሣ ጊዜ የማኅተሙን ቅርጽ ከአውስትርያ ወስዶ በሮም መታው፤ ከዚያ በኋላ በሎንዶን፥ በፓሪስ፥ በብሩክሰል፥ በቦምባይም ተመታ። ቪየና እስከ ዛሬ ድረስ ትመታዋለች። እንግዲህ በሙዳይ ያለው አንድ ማርትሬዛ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የገባ ሊሆን ይችላል፤ ጣልያን ወታደሩን የከፈለበትም ሊሆን ይችላል። 1780 የሚለው ቍጥር ይህን አይለይም።

የሚለየው ትንሹ ምልክት ነው። ማኅተሙ በየከተማው እንደ ገና በተቀረጸ ጊዜ የቀራጩ እጅ ጥቂት ይለያያል፤ የንስሩ የጅራት ላባ፥ የፊደሉ ውፍረት፥ የነጥቡ ስፍራ፥ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ሐረግ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰብሳቢው አጉሊ መነጽር ይዞ ይህን ሲቈጥር ይውላል። ሰው ቢያየው ሥራ የፈታ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በእጁ ያለው ብር ሰላማዊ ነጋዴ ያመጣው ወይም የወራሪ ጦር ያመጣው መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ ይኸው ነው።

የገበያ ሰዎችም ይህን ጥበብ ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። ብር ሲቀበሉ በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ሉሎች ይቈጥራሉ፤ ዘጠኝ ሊሆኑ ይገባል። በራስዋ ዘውድ ያሉትንም ይቈጥራሉ። ከትከሻዋ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት፥ ኤስ እና ኤፍ የሚባሉትን፥ ፈልገው ያገኛሉ፤ እነዚህ በጉንስቡርግ ከተማ የገንዘብ መምቻ ቤት የነበሩ የሁለት ሹማምንት የስም መጀመሪያዎች ናቸው። ፊደል የማያውቅ ሰው የነዚህን ፊደላት ቅርጽ በቃሉ ይዞ ይመረምር ነበር። ያረጀና ሉሉ የጠፋ ብር ቢያመጡለት፥ ብሩ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ አይወስድም። ደግሞ በድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ጩኸቱን ይሰማል። ይህ ሁሉ ምርመራ የሚደረገው አንድ በግ ለመግዛት ነበር፤ ገበያው እንዴት ቀስ ብሎ ይሄድ እንደ ነበር አስቡት።

ክብደቱ 28 ግራምና ከአንድ ግራም ከመቶው 7 እጅ ያኽል ነው፤ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው፥ የቀረው መዳብ ነው። ክብደቱ የታወቀ ስለ ነበረ ወርቅና ሽቱ፥ ሰምም ሲመዝኑ ራሱን እንደ ሚዛን ድንጋይ አድርገውት ወቄት ይሉት ነበር። ሺሕ ብር 28 ኪሎ ይሆናል፤ ስለዚህ ባለጸጋ ሰው መንገድ ሲሄድ ገንዘቡን የሚሸከም በቅሎና የሚጠብቅ አሽከር ያስፈልገዋል።

በሐሰት የተሠራውን ለማወቅ ዛሬ የሚሻል መንገድ አለ። ከከተማ አንጥረኛ ዘንድ ጥሩ ሚዛን አይጠፋም። ብሩን በመጀመሪያ እንዲሁ ይመዝኑታል። ቀጥሎ በቀጭን ክር አንጠልጥለው ጽዋ ውሃ ውስጥ ጠልቆ፥ የጽዋውን ታች ሳይነካ፥ ይመዝኑታል። በውሃ ውስጥ 2 ግራም ከ75 ያኽል ይቀልላል። የመጀመሪያውን ክብደት ለጐደለው ቢያካፍሉ 10 ከ2 ያኽል ይወጣል፤ ይህ የእውነተኛው ማርትሬዛ መለያ ነው። በመዳብ ተሠርቶ ብር የተቀባው፥ መጠኑ ትክክል ከሆነ፥ ክብደቱ ከ25 ግራም አያልፍም፤ እርሳስ የሆነ እንደ ሆነ ከ31 ግራም ይበልጣል። ሂሳብ የተማሩ ልጆች ይህን በመደዳ ሠርተው ቢያዩት ማካፈል ለምን እንደሚጠቅም ያገኙታል።

አፄ ምኒልክ በራሳቸው ስምና መልክ ብር ለማስመታት ባሰቡ ጊዜ በፓሪስ የመንግሥት ገንዘብ መምቻ ቤት አስመቱ። የመጀመሪያው ብር የተጻፈበት ዓመት 1887 ዓመተ ምሕረት ነው። በአንዱ ፊት የንጉሠ ነገሥቱ መልክ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ከሚል ጽሕፈት ጋራ፥ በሌላው አንበሳ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ከሚል ጋራ ይታያል። ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋራ እኩል ነው፤ ሆን ተብሎ እንዲህ ተደረገ። ግማሹን አላድ፥ ሩቡን ሩብ፥ ስምንተኛውን ተሙን አሉት። ነገር ግን ሕዝቡ ለማርትሬዛ ለምዶ ነበርና የራሱን ንጉሥ ብር በእጁ እያገላበጠ ያችን ባዕድ ንግሥት ይመርጥ ነበር። ይህ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ለገበያ ሰው ግን ገንዘብ የሚታመነው በላዩ ባለው መልክ ግርማ ሳይሆን፥ ነገ ሌላው ሰው ሳይጠራጠር ይቀበለኛል ብሎ በማመን ነው። በምኒልክ ብሮች መካከልም ልዩነት አለ፤ በአንዱ ዓይነት አንበሳው አንዱን የፊት እግር፥ በሌላው ዓይነት ሌላውን የፊት እግር አንሥቶ ይታያል። ያለው ሰው ቢኖር ዛሬ ማታ ይመልከት።

ማርትሬዛ ከመንግሥት ገንዘብነት የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓመተ ምሕረት አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በታወጀ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት ለመለወጫ ተሰጡ። ከወረቀቱ ብር ጋራ የወጡት ሳንቲሞች 1936 የሚል ዓመት አለባቸው። በነዚህ ላይ የደረሰው ነገር ለልጆች መሳቂያ ሊሆን ይችላል። ሃያ አምስቱ ሳንቲም መዳብ፥ አምሳው ሳንቲም ብር ነበረ፤ ሁለቱም ክብ ናቸው፥ በመጠንም ይቀራረባሉ። ብልጣ ብልጦች ሃያ አምስቱን ነጭ እያስቀቡ አምሳ ነው እያሉ ሰጡት። በኋላ መንግሥት የሃያ አምስቱን ጠርዝ እንደ አበባ አድርጎ አስመታ፤ ጨለማ ውስጥ እንኳ በጣት ይለያል። ክቡ ሃያ አምስት እንግዲህ የጥቂት ጊዜ ገንዘብ ስለ ሆነ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። 1936 የሚለውም ቍጥር እንደ ማርትሬዛው 1780 ሳይለወጥ እስከ ንጉሡ ዘመን መጨረሻ ድረስ በሳንቲሙ ላይ ቆየ።

መሰብሰብ ለመጀመር ወርቅ አያስፈልግም። 1969 የሚል ዓመት ያለባቸውን፥ የአንበሳ ራስ የተቀረጸባቸውን ሳንቲሞች ሰብስቡ። በአንዱ ሳንቲም ጀርባ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፥ በአሥሩ ጀርባ የደጋ አጋዘን አለ። ማግኔት ስታስጠጉባቸው አሮጌው አሥር ሳንቲም አይሳብም፤ በኋላ ዘመን የተመታው ውስጡ ብረት ስለ ሆነ ይሳባል። በመልክ ግን አንድ ይመስላሉ። መንግሥት ለምን ናሱን ትቶ ብረት ቀባ? የናስ ዋጋ ስንት ነው? ከዚህ ተነሥቶ አንድ ልጅ ብዙ ሊጠይቅ ይችላል።

አሁን ስለ አያያዝ። አሮጌ ገንዘብ አይታጠብም፤ አይፈተግም፤ በሎሚ፥ በአመድ፥ በአሸዋ፥ በሳሙና አይነካም። አረንጓዴው ዝገት ጽሕፈቱን ሸፍኖ የሚጠብቅ ልብስ ነው፤ ቢገፍፉት ፊደሉ አብሮ ይሄዳል። ሲይዙ በጠርዙ በሁለት ጣት ይያዛል እንጂ የእጅ ላብ በፊቱ ላይ አይደረግም። እያንዳንዱን ለብቻው በደረቅ ወረቀት መጠቅለል ይገባል፤ በከረጢት አንድ ላይ ቢያንቀጫቅጩት እርስ በርሱ ይፋፋቃል። ቅርጹን በመዝገብ ለማኖር ስስ ወረቀት በላዩ ዘርግቶ በእርሳስ ቀስ ብሎ መፋቅ ነው፤ መልኩ ከነጽሕፈቱ በወረቀቱ ላይ ይወጣል። ይህንንም ለማድረግ አንድ እርሳስና አንድ ደብተር ይበቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ማቅለጥ ነው። በብዙ ስፍራ ማርትሬዛው ለአንጥረኛ ተሰጥቶ መስቀልና አልቦ ሆነ። ይህን የሚነቅፍ የለም፤ ብሩ የባለቤቱ ነው፥ መስቀሉም ያምራል። ነገር ግን አያት በአንገትዋ ያደረገችው፥ በጥሎሽ የተቀበለችው ብር ከማቅለጫው ሸክላ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ልጁ በእርሳስ ይቅዳው፥ ከየት እንደ መጣ ከራስዋ አፍ ሰምቶ ይጻፈው። በብር ላይ ቀዳዳ ስለ ተበሳ ዋጋው ለነጋዴ ይወርዳል፤ ለታሪክ ግን ቀዳዳው ራሱ ነገር ነው፤ የአንዲት ሴት ሠርግ አለበትና።

ከምድር የተገኘው ግን የአግኚው ብቻ አይደለም። በ1992 ዓመተ ምሕረት የወጣው የቅርስ አዋጅ፥ ቍጥሩ 209 የሆነው፥ እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም የተከለከለ ነው። በአክሱም ዙሪያ ዝናብ በጣለ ቍጥር ከማሳው የሚወጣውን መዳብ ለመንገደኛ በጥቂት ገንዘብ የሚሸጡ ነበሩ። ድኻ ቢሸጥ አያስደንቅም፤ ለአንድ ቀን ራት ይሆነዋልና። ነገር ግን ያ መዳብ ከየትኛው ማሳ፥ በስንት ክንድ ጥልቀት፥ ከምን ዕቃ ጋራ እንደ ተገኘ ሳይጻፍ ወደ ባዕድ አገር ሳጥን ገባ ማለት፥ ምስክሩን ምላሱን ቈርጦ ወደ ፍርድ ቤት እንደ ማቅረብ ነው። በ1926 በአውሮፓ አቈጣጠር ኢጣልያዊው አንዛኒ የአክሱምን ገንዘብ በመጽሐፍ በዘረዘረ ጊዜ፥ በኋላም እንግሊዛዊው ሙንሮ ሄይ በደከመበት ጊዜ፥ የብዙው መገኛ ስፍራ ስላልተጻፈ ሊቃውንቱ የነገሥታቱን ተራ ከክብደቱና ከፊደሉ ቅርጽ እየገመቱ መደርደር አስፈለጋቸው። አንድ ብጣሽ ወረቀት ብትኖር ያንን ሁሉ ድካም ታቀልል ነበር።

ያ የገበሬ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ማሳ ሁለተኛ መዳብ አገኘ። ይህን ጊዜ አልፈተገውም። ከነአፈሩ በደብተር ወረቀት ጠቀለለውና ከላዩ «ከዋርካው በስተምሥራቅ አርባ እርምጃ፥ የክንድ ሩብ ጥልቀት» ብሎ ጻፈበት። ወደ መሪጌታው ዘንድ ይዞ በደረሰ ጊዜ እርሳቸው አጉሊ መነጽር ከተማሪ ቤቱ መምህር ተውሰው መጡ። አፈሩን በለስላሳ ላባ ጠረጉለት። በአንዱ ፊት ንጉሥ በዙፋን ተቀምጦ ረዥም የመስቀል ዘንግ ይዞ ይታያል።

«አንብብ» አሉት።

ልጁ ጐንበስ አለና ከንጉሡ ጀርባ ጀምሮ በጣቱ ሳይነካ እየተከተለ ቈጠረ። «አ፤ ረ፤ መ፤ ሐ።» ጥቂት ዝም አለና ቀና ብሎ «አርማሕ ነው፥ የኔታ» አላቸው።

መሪጌታው ወረቀቱን ተቀብለው ካነበቡ በኋላ የጐደለ ነገር እንዳለ ነገሩት፤ ቀኑን አልጻፈም ነበር። ልጁ እርሳሱን አውጥቶ ቀኑን ጨመረበት፤ መዳቡም ከነወረቀቱ በተማሪ ቤቱ መምህር እጅ ወደ አክሱም ተላከ።